የተያያዘ ቤት ሲገዛ የሚቆጠረው የትኛው ካሬ ነው?
የሮቤና የጎባ ገዢዎች የጎኑን ክፍት ቦታና ጓሮውን ለይተው ሊያዩ ይገባል

ሁለት አልሚዎች የተያያዙ ቤቶችን ይዘው በሮቤ ገበያ ቀረቡ እንበል። ሁለቱም «በሄክታር 83 ቤት» የሚል ወረቀት ይዘዋል። የሁለቱም ቤት 60 ካሬ ሜትር ነው፤ ግድግዳቸው ብሎኬት፣ ክዳናቸው ቆርቆሮ ነው። የሁለተኛው ዋጋ ከአንደኛው ዝቅ ይላል። ደላላው ርካሹን ያነሳል፤ ገዢውም ቤቱና ቁጥሩ እኩል ከሆነ ምን አጨቃጨቀኝ ብሎ ቀብድ ሊያወጣ ይዘጋጃል። ይሁን እንጂ የአንደኛው ቤት ከፊትና ከኋላ በድምሩ 10 ሜትር ክፍት ቦታ ሲኖረው የሁለተኛው 5 ሜትር ብቻ ነው። 83 የሚለው አንድ ቁጥር ሁለት የተለያዩ ግቢዎችን ሸፍኗል።

ጉዳዩ ለባሌ ደጋ ከተሞች የወረቀት ጨዋታ አይደለም። የሲናና ሜዳ በበልግም በመኸርም የሚታረስ የስንዴና የገብስ አገር በመሆኑ ነጋዴው ከአንዱ ምርት እስከ ሌላው ገንዘቡን የሚያሳርፍበት ይፈልጋል። ቦታና ቤት ደግሞ የታወቁ ማሳረፊያዎች ናቸው። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጎባ ከ28 ሺህ በላይ፣ ሮቤ ደግሞ ከ21 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ነበሯቸው። በ1999ኙ ቆጠራ ግን ሮቤ ከ44 ሺህ አልፋ ስትገኝ ጎባ 32 ሺህ ያህል ላይ ነበረች። በዚያው ዓመት መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በሮቤ ተከፈተ፤ ተከራይም አብሮ መጣ። ቦታ እየተወደደ በሄደ ቁጥር ቤቶችን በአንድ ግድግዳ ማያያዝ የሚለው ሐሳብ መነሳቱ አይቀርም። ሐሳቡ በራሱ ጥሩ ነው። የሚያስቸግረው የት ላይ እንደተቆጠበ ሳይታወቅ ሲሸጥ ነው።

ጥግግትና ሴትባክ

ጥግግት ማለት በአንድ ሄክታር መሬት ላይ ስንት ቤት እንዳረፈ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ሁለት መልክ አለው። የቤቶቹ ቦታ ብቻ ተደምሮ ከተሰላ የተጣራ ጥግግት ይባላል፤ መንገዱና ክፍት ቦታው ተጨምሮ ከተሰላ ያልተጣራ ወይም ጥቅል ጥግግት ነው። ነጋዴ የተጣራና ያልተጣራ ክብደትን ከጆንያው ጋር ያውቀዋል፤ መሬትም እንደዚያው ነው። ሴትባክ ባለሙያዎች የሚሉት ደግሞ ቤቱ ከወሰን ራቅ ብሎ እንዲሠራ የሚተወው ክፍት ቦታ ነው። የፊት፣ የኋላና የጎን ተብሎ ይከፈላል። የተያያዘ ቤት ዋናው ብልሃት የጎኑን ማስቀረቱ ነው።

አሁን ስሌቱን እንይ። ብቻውን የሚቆም ቤት ፊቱ 10 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 20 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ ይሠራ፤ 200 ካሬ መሆኑ ነው። በግራና በቀኝ 2፣ 2 ሜትር ከተተወ ለቤቱ 6 ሜትር ወርድ ይተርፋል። ቤቱ ወደ ውስጥ 10 ሜትር ቢገባ 60 ካሬ ይሆናል፤ ከፊት 4፣ ከጓሮ 6 ሜትር ይቀራል። ያንኑ ቤት ብናያይዘው ቦታው 6 በ20፣ ማለትም 120 ካሬ ይሆናል። ቤቱ ያው፣ የፊት ግቢው ያው፣ ጓሮውም ያው ነው። የቀረው በሁለቱም ጎን የነበረው 80 ካሬ ብቻ ነው። ይህ ጠባብ መተላለፊያ በብዙ ግቢ የአጣናና የአሮጌ ቆርቆሮ መከመሪያ እንደሆነ የማያውቅ የለም። የሊዝ ጨረታው በካሬ 2,000 ብር ቢያልቅ እንበል፣ በአንድ ቤት 160,000 ብር ተቆጠበ ማለት ነው። በዚያ ላይ አንድ ግድግዳ ለሁለት ስለሚያገለግል ብሎኬትና ሲሚንቶ ይቀንሳል፤ የጎን አጥርም ይቀራል።

በቤቶቹ መካከል 10 ሜትር መንገድ ይለፍ። እያንዳንዱ ቤት ከፊቱ ያለውን መንገድ ግማሽ፣ ማለትም 5 ሜትር ይሸከማል። ብቻውን የቆመው ቤት ከመንገድ ጋር 250 ካሬ ስለሚወስድ በሄክታር 40 ቤት ይደርሳል። የተያያዘው 150 ካሬ ስለሚወስድ 66 ቤት ይሆናል። 26 ቤት ሲጨመር ከማንም ጓሮ አንድ ስንዝር አልተነካም።

ሁለተኛው አልሚ ግን በዚህ አልረካም። የቦታውን ጥልቀት ከ20 ወደ 15 ሜትር አወረደው። ቦታው 90 ካሬ ሆነ፤ ፊቱ 2፣ ጓሮው 3 ሜትር ቀረ። ከመንገድ ጋር ሲሰላ በሄክታር 83 ቤት ይደርሳል። ይህ ጥቅል ቁጥር ነው። የመጀመሪያው አልሚ 83 ያለው ደግሞ መንገዱን ሳይጨምር ሄክታሩን ለ120 ካሬ አካፍሎ ነው። ሁለቱ በአንድ ዓይነት መለኪያ ቢለኩ ኖሮ 66 እና 83፣ ወይም 83 እና 111 ተብለው ይጻፉ ነበር። ወረቀቱን የጻፈው ሰው አልዋሸም፤ ገዢው ግን ተታሏል።

ሌላም ነገር አለ። ጥልቀቱ በሩብ ሲቀነስ የተጣራው ጥግግት በሦስተኛ እጅ ያደገ ይመስላል። ጥቅሉ ግን ያደገው በሩብ ብቻ ነው። ምክንያቱም መንገዱ አብሮ አልጠበበም፤ እያንዳንዱ ቤት ያው 30 ካሬ መንገድ ይሸከማል። ቀድሞ ከመሬቱ 20 በመቶ የነበረው መንገድ አሁን 25 በመቶ ሆኗል። የእንግሊዙ የከተማ ፕላን ባለሙያ ሬይመንድ አንዊን በ1912 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ የተከራከረው ይህንኑ ነበር። ቤቶችን በማጨናነቅ የሚገኘው የመሬት ቁጠባ በመንገድ ወጪ ስለሚበላ ባለመሬቱ እንዳሰበው አያተርፍም ይል ነበር። የእርሱ አገር የተያያዙ ቤቶች ይደረደሩ የነበሩት በፋብሪካ ዙሪያ ነው። ሒሳቡ ግን ለስንዴ ከተማም ይሠራል።

እርግጥ ነው፣ 66ቱም ሙሉ በሙሉ የሚገኝ አይደለም። ሰልፉ ያለ ማቋረጫ ሊቀጥል አይችልም። በየ8 ቤቱ 4 ሜትር መተላለፊያ ቢተው እያንዳንዱ ቤት ግማሽ ሜትር ወርድ ይጨመርበትና ቁጥሩ ወደ 61 ይወርዳል። መተላለፊያ የማይታይበት ሳይት ፕላን ይዞ 66 ወይም 83 የሚል ሰው ካለ ቁጥሩ ገና አላለቀም ማለት ነው።

ጓሮው በባሌ ምን ያወጣል?

በጓሮ በኩል መጀመሪያ የሚነሳው ሰርቪሱ ነው። 6 ሜትር ጓሮ ላይ 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ሰርቪስ ቢሠራ ከዋናው ቤት ጋር 3 ሜትር ክፍት ይቀራል፤ ማእድ ቤቱም የኪራይ ክፍሉም አየር ያገኛል። በ3 ሜትር ጓሮ ላይ ግን ሰርቪስ ከተሠራ የዋናው ቤት የኋላ መስኮት በግድግዳ ይዘጋል፤ ካልተሠራ ኪራዩ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ሮቤም ሆነ ሆስፒታል ባለበት ጎባ የሰርቪስ ተከራይ ለብዙ ባለቤት የዕዳ መክፈያ ነው። ስለዚህ የሁለተኛው አልሚ ቤት 30 ካሬ ብቻ አይደለም ያነሰው፤ የወር ገቢም አብሮ ሄዷል። ማእድ ቤቱ ከዋናው ቤት ጋር ተጣብቆ ከተሠራ ደግሞ የማገዶው ጭስ ወደ ራስም ወደ ጎረቤትም መኝታ ቤት ይገባል።

ቀጥሎ የዝናብ ውኃው አለ። ብቻውን በቆመ ቤት የጓሮው ውኃ በጎን በኩል ወደ መንገድ ይወጣል። በተያያዘ ቤት ጎን የለም። በ60 ካሬ ክዳን ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,800 ሊትር ነው፤ 8 ቤት ሲሆን 14,400 ሊትር ይደርሳል። ክዳኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያፈስ ከሆነ ግማሹ፣ 7,200 ሊትር በጓሮ ይወርዳል። ከቤቶቹ ጀርባ እስከ መተላለፊያው የሚዘልቅ የጋራ ቦይ ከሌለ ውኃው የሚሄደው ወደ መሠረቱ ነው። ሁለት የዝናብ ወቅት ባለበት አገር ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ብዙ አልሚ ፊት ለፊቱን በንጣፍ ሲያስጌጥ የጓሮውን ቦይ ይረሳል፤ ገዢም ቤቱን የሚጎበኘው በበጋ ነው።

የሽንት ቤት ጉድጓድም አለ። ከተማ አቀፍ የፍሳሽ መስመር በሌለበት ቦታ ሴፕቲክ ታንኩ ሲሞላ በመምጠጫ መኪና መመጠጥ አለበት። መኪናው ቆሞ ቱቦውን የሚዘረጋው በጎን በኩል ነበር። ቤቶቹ ሲያያዙ ጓሮ ያለ ጉድጓድ በሳሎን በኩል ካልሆነ አይደረስበትም። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ወይ ጉድጓዱ በፊት ግቢ ይቆፈራል፣ ወይም ከኋላ መተላለፊያ ይተዋል። በፊት ግቢ ከሆነ 2 ሜትር አይበቃም፤ ጉድጓዱ ከመሠረቱም ከአጥሩም መራቅ አለበት። የመጀመሪያው አልሚ 4 ሜትር የፊት ግቢ እዚህ ላይ ዋጋ ያወጣል።

ፀሐይንም መቁጠር ይገባል። ሮቤ 2,490 ሜትር አካባቢ፣ ጎባ ደግሞ 2,740 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያሉ ብርዳም ከተሞች ናቸው። የሚገኙት ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከአድማስ ያላት ከፍታም 60 ዲግሪ ያህል ነው። 6 ሜትር ከፍታ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት በዚያ ሰዓት ወደ ሰሜን 3.5 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። እንግዲህ የሰልፉ ጓሮ ወደ ሰሜን ከሆነና ጥልቀቱ 3 ሜትር ከሆነ፣ ውርጭ በሚወድቅበት ወቅት ጓሮው እኩለ ቀን ላይ እንኳ ፀሐይ አያገኝም። ልብስ አይደርቅም፤ በርበሬም አይሰጣም። 6 ሜትር ጓሮ ግን ከሲሶ የሚበልጥ ቦታው ከጥላ ውጭ ነው። ምድር ቤት ብቻ ከሆነ ጥላው ከ2 ሜትር ስለማይበልጥ ጉዳዩ ይቀልላል። ገዢ ኮምፓስ አያስፈልገውም፤ ጠዋት ሄዶ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ ማየት ይበቃዋል።

የጋራው ግድግዳና አፈሩ

በሮቤ ዙሪያ ባለው ሜዳ ጥቁር አፈር ብዙ ነው። ይህ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለስንዴ የተመቸውን ያህል ለመሠረት አይመችም። ብቻውን የቆመ ቤት ቢሰነጠቅ ጉዳቱ የአንድ ሰው ነው። 8 ቤት ሲያያዝ 48 ሜትር የሚረዝም አንድ ሕንፃ ይሆናል፤ አንዱ ጫፍ ሲነሳና ሌላው ሲወርድ ስንጥቁ የራሱን ቦታ ይመርጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው የበርና የመስኮት ጥግ ነው። ጠንቃቃ ሠሪ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ ያወጣል፣ ሰሌክት ይሞላል፤ ሰልፉንም መካከል ላይ ከመሠረት እስከ ክዳን ለይቶ ክፍተት ይተዋል። ከላይ የተነሳው የጓሮ ቦይም ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ በአንድ በኩል ብቻ የረጠበ መሠረት በጥቁር አፈር ላይ ሰላም አይኖረውም።

የጋራው ግድግዳ ወፍራም መሆኑ ብቻ አይበቃም። ኮርኒሱን አልፎ እስከ ቆርቆሮው መድረስ አለበት። ኮርኒስ ላይ ከቆመ ከ8ቱ ቤቶች በላይ አንድ ረጅም ባዶ ቦታ ይኖራል። እሳት በዚያ ይሄዳል፣ ድምፅ በዚያ ይሄዳል፤ ሌባም ያውቀዋል። ይህን ለማወቅ ኮርኒስ ሳይመታ በፊት መጎብኘት ነው።

ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሰነቴ አምባ ግርጌ ያለችው ጎባ ሌላ ጥያቄ ታስነሳለች። በተዳፋት ላይ ቤት ሲያያዝ ወለሉ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። በየቤቱ 50 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ በ8 ቤት መካከል ያለው ልዩነት 3.5 ሜትር ይሆናል፤ የጋራው ግድግዳም የላይኛውን ጎረቤት አፈር የሚደግፍ ግንብ ይሆናል ማለት ነው። ተዳፋቱ ወደ ጓሮ ከሆነ 6 ሜትር የተባለው ጓሮ በ20 በመቶ ተዳፋት ላይ 1.2 ሜትር ይወርዳል። የድንጋይ ድጋፍ ግንብ ካልተሠራለት በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ጓሮ ነው። ስለዚህ በጎባ የሚታይ ሴትባክ ከሮቤው ጋር በሜትር ብቻ ሊወዳደር አይገባም።

ሕጉ የሚለው

በከተማ መሬት ላይ የግል ባለቤትነት የቀረው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ያ አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ይፈቅድ ነበር። የሰፊ ግቢ ልማድ በከፊል ከዚያ የመጣ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። ሊዝ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ካሬ ዋጋ ተቆረጠለት። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ 99 ዓመት ሰጥቶ ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው ከ10 በመቶ እንዳያንስ ደንግጓል። ሴትባኩ አይሠራበትም ተብሎ የሊዝ ቅናሽ የለውም፤ ጨረታው በካሬ ነው።

ስንት ሜትር ከወሰን መራቅ እንዳለበት የሚወሰነው በከተማው መዋቅራዊ ፕላንና በአካባቢ ልማት ፕላን፣ እንዲሁም በሕንፃ ሕጉ ነው። ስለዚህ ከደላላ ቃል በፊት ከማዘጋጃ ቤት የፕላን ስምምነት መጠየቅ ይቀድማል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል ምድር ቤት ብቻ የሆነውን የግል መኖሪያ በቀላሉ ምድብ «ሀ» ቢያስቀምጠውም፣ ያው ቤት ለሪል ስቴት ሲሠራ ወደ ምድብ «ለ» ያወጣው ነበር። ስምንት ቤት አያይዞ የሚሸጥ ሰው እንደ ግለሰብ ቤት ሠሪ አይታይም ማለት ነው።

ገዢዎች እምብዛም የማያነሱት ሌላ ሕግ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 ነው። ኮንዶሚኒየም ሲባል ብዙ ሰው ፎቅ ብቻ ይመስለዋል። አዋጁ ግን አምስትና ከዚያ በላይ በተናጠል የተያዙ ቤቶች በሰልፍ የተሠሩ ከሆኑም በዚህ ስም እንዲጠሩ አድርጓል። በዚህ መንገድ የተመዘገበ ሰልፍ የተናጠል ቤቶችና የጋራ ንብረት ይኖሩታል፤ ቦይ፣ መተላለፊያና የመሳሰለው በማኅበር ይተዳደራል። ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ካርታ ከወጣ ደግሞ የጋራው ግድግዳ ወሰን ላይ ይቆማል፤ ነገ ፎቅ ልጨምር ባይ ከጎረቤቱ ጋር መነጋገሩ አይቀርም። ሁለቱም ይቻላሉ። የማይቻለው ስምንት ገዢ በአንድ ሰው ስም ባለ አንድ ካርታ ላይ በግል ውል ተከፋፍሎ በሰላም መሸጥ መለወጥ ነው። ባንክም ያንን ውል ይዞ ለመጣ ሰው አያበድርም።

ለመሆኑ የደጋ ከተማ ገዢ ግቢውን ትቶ ወደ ተያያዘ ቤት ይገባልን? በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ በ48 ሄክታር ላይ ሰው ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ ለዘመናት ኖሯል፤ ግን ቤቱ ወደ ውስጥ ግቢው የዞረ ስለሆነ ክፍት ቦታውን አላጣም። በሌላ በኩል የመንግሥት የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ክልል ከተሞች ቢወጣም ፈላጊ በማነሱ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ በስተቀር ተቋርጦ ነበር። መሬት ባልተወደደበት ከተማ ሰው ለግቢ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ያኔ ታይቷል። ይህ የሚያሳየው በሮቤ የሚሸጥ የተያያዘ ቤት ተወዳዳሪው ሌላ የተያያዘ ቤት ሳይሆን የ200 ካሬው ግቢ መሆኑን ነው። 6 ሜትር ጓሮ ያለው ከዚያ ግቢ ጋር ሊወዳደር ይችላል። 3 ሜትር ያለው የሚወዳደረው በዋጋ ብቻ ነው፤ መልሶ ለመሸጥ የወጣ ቀንም ያው ዋጋ ይከተለዋል።

የዋጋ ነገር ከተነሳ የጥግ ቤቶች ይቀራሉ። በ8 ቤት ሰልፍ ሁለት ጥጎች አሉ፤ ብርሃንና አየር በሦስት በኩል ስለሚያገኙ ደላሎች ከፍ አድርገው ይጠሯቸዋል። የ4 ሜትሩ መተላለፊያ በሁለቱ ጎረቤት ሰልፎች መካከል ለጥግ ቤቶቹ ተከፍሎ ከተካረተ እያንዳንዳቸው 2 በ20፣ ማለትም 40 ካሬ ይጨምራሉ፤ በ2,000 ብር 80,000 ብር ነው። የጋራ ከሆነ ግን ያ ገንዘብ ሊጠየቅባቸው አይገባም፤ የሚከፈለው ለብርሃኑ ብቻ ነው። በካርታው ላይ የማን እንደሆነ ካልተጻፈ ደግሞ የጥጉ ገዢ በመጀመሪያው ዓመት ያጥረዋል፤ የመምጠጫ መኪናውም ሆነ የስምንቱ ጓሮ ውኃ ከዚያ በኋላ መውጫና መግቢያ የለውም።